የቀርከሃ ወንበር በዓመቱ ወራት ሁሉ እንዴት እንደሚጠበቅ

በአጸድ ተቀምጦ ከእንግዳ ጋር መጨዋወት ለቤተ ሰብ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ወንበሩ ሳይታሰብ ቢሰበር ሽማግሌውን ይጎዳል፥ ባለቤቱንም ያሳፍራል። ስለዚህ ጎረቤላን በመሰለ ጉምና ዝናም በሚበዛበት ደጋ ለሚኖሩ ጥቂት ነገር ልናሳስብ ወደድን።

ከእስያ የሚመጣው ራታን የተባለው ሐረግ ውስጡ ድፍን ነው፤ የአገራችን የደጋ ቀርከሃ ግን ክፍት ነው። ሁለቱንም ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል፥ እርጥበትም ያሻግታቸዋል። በቀርከሃ ውስጥ ያለውን ዱቄት መሰል ምግብ ደግሞ ነቀዝ እጅግ ይወደዋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ወንበሩ ወደ በረንዳ ይግባ፤ እግሩም እርጥብ መሬት እንዳይነካ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። በሸራ አፍኖ መሸፈን ግን አይገባም፤ ጉሙ የተወው እርጥበት መውጫ ያጣልና። በበልግ ዝናም ወራትም እንደዚሁ ይደረግ።

ጥቅምት ሲገባ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፥ በጥቂቱ በራሰ ጨርቅ አብሶ፥ ነፋስ ባለበት ጥላ ማድረቅ ነው። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና፥ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በበጋ ከቀትር ፀሐይ ይከለል። የላላ ማሰሪያ በጊዜው ይጥበቅ። ከወንበሩ ሥር ደቃቅ ዱቄት ቢታይ የነቀዝ ምልክት ነውና ከሌላው ዕቃ ይለይ። እንዲህ ተጠንቅቆ የያዘ ሰው ገንዘቡን ያድናል፥ እንግዳውንም ያለ ስጋት ያስቀምጣል።