የጥገናው ወሬ ለሌባም ይደርሳል

ጃንዋሪ 26 ቀን 2017 (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ዎርድፕረስ የተባለው የብሎግ ሶፍትዌር 4.7.2 እትሙን አወጣ። አብሮት የወጣው መግለጫ ሦስት የደኅንነት ጥገናዎችን ይዘረዝር ነበር። ከሁሉም የከፋው አራተኛው ግን አልተጻፈም። የተደበቀውም ሆን ተብሎ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት መጀመሪያ የሶፍትዌሩን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በርበሬና ሽሮ በኢንተርኔት የምትሸጥ ነጋዴ ገጿን ስትከፍት፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ወረቀት የሚመጣላት ሊመስላት ይችላል። እንዲያ አይደለም፤ ገጹ እንደ ምግብ ቤት ጥብስ የሚሠራው ሲታዘዝ ነው። ጽሑፉ፣ ዋጋው፣ የደንበኛው ትእዛዝ ዳታቤዝ በሚባል ጓዳ ይቀመጣል፤ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከጓዳው እያወጣ ገጹን ይሠራል። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 የጀመሩት ይህ ሶፍትዌር ዛሬ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ተሸክሟል።

ቀዳዳው የነበረው ሌሎች ፕሮግራሞች ከጓዳው ጋር እንዲነጋገሩ በተከፈተ አዲስ በር ላይ ነው። በሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። ዘበኛው «ይህን ጽሑፍ ማረም ተፈቅዶልሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ያርማል። አጥቂው የጽሑፉን ቁጥር 123 ብሎ በመላክ ፈንታ ከቁጥሩ ኋላ ፊደላት ቀጥሎ ይልካል። ዘበኛው መዝገቡን ሲያይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም። የሌለን ነገር ምን ብሎ ይከልክል? ያሳልፈዋል። ጸሐፊው ግን ፊደላቱን ቆርጦ ይጥልና 123 ብቻ ያነባል፤ ጽሑፉን አግኝቶ ይለውጠዋል። የይለፍ ቃል የጠየቀ የለም። ሁለቱን ለየብቻ ብንመረምራቸው ይህ ነው የሚባል ጥፋት አናገኝባቸውም፤ ጉዳቱ የመጣው አንዱን ወረቀት ሁለት ዓይነት ስላነበቡት ነው።

የዎርድፕረስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። አሮጌውንና አዲሱን እትም ጎን ለጎን አድርጎ የተለወጠውን መስመር የሚያይ ሰው ቀዳዳው የት እንደነበር ያውቃል። ስለዚህ ጥገናው ራሱ፣ ቤቱን ገና ላልጠገነ ሰው፣ ለሌባ የተሰጠ ጥቆማ ይሆናል። የዎርድፕረስ ሰዎች ዝም ያሉት ጥቂት ቀናት ለማትረፍ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ከ2013 ጀምሮ ትናንሽ ጥገናዎችን ራሱ መጫን ስለሚችል፣ ብዙው ሱቅ ባለቤቱ ሳይሰማ ቀዳዳው ይደፈንለታል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ምስጢሩ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ጥገናው ባልገባባቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች ላይ የአጥቂዎች ጽሑፍ ተለጥፎ ታየ።

ሶፍትዌሩ ራሱን እንዳያድስ የሚከለክሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። አዲስ እትም ከአንድ ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ ከሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ጋር ተጣልቶ የክፍያ ገጹን በገበያ ቀን ሲዘጋ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። እኔ ግን ትናንሾቹ ጥገናዎች ራሳቸው ይግቡ፣ ትልልቆቹ እትሞች ብቻ አስቀድመው በሱቁ ቅጂ ላይ ይሞከሩ ባይ ነኝ። የማይሠራበት ፕለጊን ደግሞ ማጥፋት አይበቃውም፤ ፋይሉ እስካለ ድረስ ቀዳዳውም አለ፤ ይሰረዝ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ዎርድፕረስ የራሱ ሰዓት የለውም። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሱቁን መጠባበቂያ ቅጂ አንሣ» ቢባል፣ ጎብኚ መጥቶ ካልቀሰቀሰው ሥራው አይጀመርም። ገበያው በቀዘቀዘበት ሳምንት ቅጂው ሊዘገይ የሚችለው በዚህ ነው። ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) በራሱ ሰዓት እንዲቀሰቅሰው ማድረግ ይቻላል፤ የሰርቨሩን አከራይ መጠየቅ ነው።

ቅጂው ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን። ፎቶዎቹ ኖረው ዳታቤዙ ከጎደለ ጓዳው ባዶ ነው። በአማርኛ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ቅጂው ለላቲን ብቻ በተዘጋጀ ዳታቤዝ ውስጥ ሲመለስ «ሚጥሚጣ» የሚለው ቃል አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንግሊዝኛው ደህና ስለሚሆን፣ አማርኛ የማያነብ ባለሙያ ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተጻፈው ወደ ፊደል አይመለስም፤ ዋናው ባይት ጠፍቷል። እንግዲህ ቅጂውን ሱቁ ገና በደህና ቆሞ ሳለ ባዶ ቦታ ላይ መልሶ መክፈት፣ ከዚያ የአንዱን ቅመም ስም በዓይን ማንበብ ነው። ምልክት ብቻ ከታየ ዋናው ሱቅ ገና አለና፣ ተቀባዩ ዳታቤዝ ተስተካክሎ እንደገና ይቀዳል።