ደኑም ወርቁም ዱባይ ሲደርስ፦ ተረትና እውነታ

(ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እዚህ አገር ተቃውሞ የሚባል ነገር የለም።»

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ዴራም ሮላም አጅማንም ያለ ሀበሻ የሚለው ይህንኑ ነው። ጎዳናውን በተመለከተ ልክ ነው፤ ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣት ወንጀል ነው። በጁላይ 2024 የገዛ አገራቸውን መንግሥት በመቃወም ኤምሬትስ ውስጥ ሰልፍ የወጡ 57 ባንግላዴሻውያን ከ10 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በሴፕቴምበር በምሕረት ተለቀቁ። ይህን እያየ ዝም ያለውን ስደተኛ ፈሪ ለማለት እኔ አልደፍርም።

ቢሆንም ተቃውሞ ተደርጓል። በ2023 መጨረሻ በኤክስፖ ሲቲ በተካሄደው ኮፕ28 የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት በሚያስተዳድረው ግቢ ውስጥ ሰዎች መፈክር ይዘው ቆመዋል። ቦታና ሰዓት ማስፈቀድ ግዴታ ነበር፤ አገርንም ኩባንያንም በስም መጥራት አይቻልም ነበር። የነዳጅ ኩባንያን ስሙን ሳይጠሩ መቃወም እንግዲህ እንዴት እንደሆነ አስቡት። ጉባኤውን የመሩት ሱልጣን አል ጃበር የአቡዳቢው ነዳጅ ኩባንያ የአድኖክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ናቸው። «ኪክ ቢግ ፖሉተርስ አውት» የተባለው የተሟጋቾች ጥምረት ደግሞ የተሳታፊዎችን ዝርዝር አበጥሮ፣ ለነዳጅ ኢንዱስትሪው ጥቅም የቆሙ 2,456 ሰዎች የመግቢያ ባጅ ማግኘታቸውን ይፋ አደረገ።

«ባሕር ዳርቻ ማጽዳትም ያው ትግል ነው።»

መልካም ሥራ ነው፤ ትግል ግን አይደለም። ከ1991 ጀምሮ ዱባይ ውስጥ ያለው ኤምሬትስ ኢንቫይሮንመንታል ግሩፕ በጎ ፈቃደኞችን ለጽዳት ያሰማራል፣ ጣሳ ያሰባስባል። መሬቱ የማን ነው፣ ማን ፈረመበት፣ ትርፉስ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ እዚያ አይነሳም።

«ካርቦን መሸጥ ደን ያድናል፤ የሚጎዳም የለም።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብሉ ካርቦን በ2022 ዱባይ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ ሊቀ መንበሩ የዱባይ ገዥ ቤተሰብ አባል የሆኑት ሼክ አህመድ ዳልሙክ አል መክቱም ናቸው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከላይቤሪያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከዛምቢያ፣ ከዚምባብዌና ከኬንያ ጋር የመጀመሪያ ደረጃ የደን ካርቦን ስምምነቶችን ተፈራረመ። የላይቤሪያው ብቻ 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ከአገሪቱ መሬት አንድ አሥረኛውን፣ ለ30 ዓመት የሚመለከት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደኑ ባለመጨፍጨፉ ወደ አየር ሳይወጣ የቀረው እያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ «ክሬዲት» ይባላል። ክሬዲቱን የገዛ አገር ወይም ድርጅት ያንኑ ያህል ጭሱን እንዳካካሰ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ጭሱ ይቀጥላል፤ ደኑም፣ ነገሩ ከተሳካ፣ ቆሞ ይቀራል። የሚለወጠው በደኑ ላይ የሚያዝበት ሰው ነው፦ ማገዶ የሚለቅም፣ ማር የሚቆርጥ፣ ማሳ የሚያሳርፍ ገበሬ ለ30 ዓመት የሌላ ሰው ውል ይጠብቀዋል። ሾልኮ በወጣው የላይቤሪያ ውል ረቂቅ መሠረት ከክሬዲቱ 70 በመቶ የኩባንያው ድርሻ ነበር።

የላይቤሪያ ሲቪክ ማኅበራት ይህን ረቂቅ ይዘው ተነሡ። መሣሪያቸው የራሳቸው አገር ሕግ ነበር፤ የ2018 የመሬት መብት ሕግ ማኅበረሰቦች በልማድ ይዘው የኖሩትን መሬት ባለቤትነት ያጸናላቸዋል፣ አስቀድሞ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅም ያዛል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ ባለቤቱ ሳይጠየቅ መንግሥት ምኑን ይሸጣል? ከኮፕ28 በፊት ይቋጫል የተባለው ውል ሳይቋጭ ጉባኤው አለፈ።

ለመሬቱ የተነሣ ሁሉ ግን እንዲህ አይቀናውም። ከ1992 ጀምሮ ከኤምሬትስ ጋር የተያያዘ የአደን ኩባንያ ፈቃድ በያዘበት በሰሜን ታንዛኒያ ሎሊዮንዶ፣ በጁን 2022 መንግሥት 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለመከለል ችካል ሲተክል በተቃወሙት ማሳዮች ላይ ፖሊስ ተኮሰ፤ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ።

«ማኅተም ያለው ወርቅ ምንጩ የታወቀ ነው።»

የቀለበታችሁን ውስጠኛ ጎን እዩት። 750 ከሆነ 18 ካራት፣ 916 ከሆነ 22 ካራት ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የወርቁን ጥራት ብቻ ነው፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ፣ ማን እንደቆፈረው የሚናገር ምልክት የለውም። አንዴ ከቀለጠና ከሌላው ጋር ከተደባለቀ በኋላ ሻጩን ብታፋጥጡትም አያውቀውም። ስዊስኤይድ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2022 ብቻ 405 ቶን የአፍሪካ ወርቅ በመነሻ አገሩ ሳይመዘገብ ኤምሬትስ መግባቱን አስልቷል። ኤምሬትስም ከ2023 ጀምሮ ማጣሪያዎች የሚገዙትን ወርቅ ምንጭ እንዲመረምሩ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች።

«የሻኪሶ ሰው ልማት ጠልቶ ነው የተነሣው።»

በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገደምቢ የመንግሥት የወርቅ ማዕድን ነበር፤ በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ሚድሮክ ጎልድ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ወርቁ ከተፈጨው ድንጋይ የሚለየው በሲያናይድ ነው፤ ዝቃጩም በግድብ ይጠራቀማል። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ሲያሰሙት የነበረው አቤቱታ ስለ ልማት አልነበረም፤ ስለሚያስወርዳቸው እናቶች፣ አካል ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ልጆችና ውኃ ጠጥተው ስለሚሞቱ ከብቶች ነበር። የኩባንያው ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የማዕድን ሚኒስቴርም ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት፤ የለገደምቢ ወርቅ ይጣራ የነበረው ዱባይ ሳይሆን ስዊዘርላንድ ነው። አርጎር ሄሬየስ የተባለው የዚያው አገር ማጣሪያ በ2018 መግዛቱን አቆመ። ማዕድኑ በ2021 እንደገና ሥራ ጀመረ፤ የሻኪሶ ሰዎች የካሣና የሕክምና ጥያቄም አብሮ ቀጠለ።