የግእዝ ቁጥርና የመቶ መሠረቱ

የግእዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ለስሌት አይመችም የሚል አስተያየት በሰፊው ቢሰማም፣ አጻጻፉ ሲመረመር ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየከፈለ ደረጃቸውን በ፻ እና በ፼ የሚያመለክት በመሆኑ ዜሮ አያስፈልገውም፤ መሠረቱም፣ ማለትም ቁጥር ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚሸጋገርበት መጠን፣ መቶ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ 123,456 ፲፪፼፴፬፻፶፮ ተብሎ ይጻፋል።

መቶ ለ99 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ የቁጥሩ ቀሪ ከጥንዶቹ ድምር ይገኛል፤ ጥንዶቹ 12፣ 34 እና 56 ሲደመሩ 102 ስለሚሆኑ፣ ቁጥሩ ለ99 ሲካፈል 3 እንደሚተርፍ ያለ ረጅም ማካፈል ይታወቃል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ለባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ለዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ያለው ጥቅም ነው፤ መቶ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመቱ በስሙ የሚጠራበት ወንጌላዊ የሚታወቀው በመጨረሻው ጥንድ ብቻ ነው። በ፳፻፲፭ ዓ.ም. ፲፭ ለአራት ተካፍሎ 3 ስለሚተርፍ ዘመኑ ሉቃስ፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ነበረች።

ጥያቄ ያላቸው አንባብያን የትውልድ ዓመታቸውን በግእዝ ጽፈው ወንጌላዊውን ይፈልጉ፤ ያልተገለጠላቸውንም ይጠይቁ።