የብሪሃዲሽቫራ ቤተ መቅደስ የግድግዳ ሥዕሎች

የብሪሃዲሽቫራ ቤተ መቅደስ የግድግዳ ሥዕሎች በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በታንጃቩር ከተማ በሚገኘው የሺቫ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያሉ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ናቸው። ከቾላ ሥርወ መንግሥት ዘመን ከተረፉት ጥቂት ሥዕሎች ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ ለረጅም ዘመን በሌላ ሥዕል ተሸፍነው ቆይተዋል።

ቦታው

ቤተ መቅደሱን ያሠራው ቀዳማዊ ራጃራጃ የተባለው የቾላ ንጉሥ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1010 ተጠናቀቀ። ሕንጻው ከግራናይት ድንጋይ የተሠራ ሲሆን የግንቡ ከፍታ 60 ሜትር ያህል ነው። የሺቫ ምልክት የሆነው ሊንጋ የቆመበትን ክፍል ሁለት ግድግዳዎች ይከቡታል። በግድግዳዎቹ መካከል ጠባብና ጨለማ መተላለፊያ አለ፤ ሥዕሎቹም የሚገኙት በዚህ መተላለፊያ የታችኛው ፎቅ ላይ ነው። በላይኛው ፎቅ ደግሞ በድንጋይ የተቀረጹ 81 የጭፈራ አቋሞች ይታያሉ። የታሰቡት 108 ነበሩ፤ የቀሩት ሳይቀረጹ ቀርተዋል።

አሠራር

ግራናይት ቀለም ስለማይመጥ ግድግዳው በመጀመሪያ በኖራ ተለሰነ። ሥዕሎቹን የመረመሩ ኬሚስቶች የቾላ ሠዓሊዎች በፍሬስኮ ዘዴ፣ ማለትም ልስኑ ሳይደርቅ እንደ ሳሉ ገልጸዋል። እርጥብ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ሲጠነክር ቀለሙን ይዞ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ሠዓሊው ልስኑ ከመድረቁ በፊት መጨረስ አለበት፤ የተሳሳተውንም ለማረም ጊዜ የለውም። ኖራ ብዙዎቹን የዕፅዋት ቀለሞች ስለሚያበላሽ በብዛት ያገለገሉት እንደ ቀይና ቢጫ አፈር ያሉ የማዕድን ቀለሞች ናቸው።

ይዘት

ከታወቁት ትዕይንቶች አንዱ የታሚሉ ባለቅኔና ቅዱስ የሱንዳራር ታሪክ ነው። በሠርጉ ቀን ሺቫ ሽማግሌ መስሎ መጥቶ፣ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ ውል እያሳየ «ይህ ሰው አገልጋዬ ነው» ብሎ ይከራከራል። በመጨረሻ ሱንዳራር በነጭ ዝሆን፣ ወዳጁ ቼራማን ፔሩማል በፈረስ ተቀምጠው ወደ ካይላሳ ተራራ ይጓዛሉ። በሌላው ግድግዳ ሺቫ በሠረገላ ሆኖ ሦስቱን የአጋንንት ምሽጎች ሲወጋ ይታያል።

መሸፈንና መገኘት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን የገዙት ናያካዎች በቾላዎቹ ሥዕሎች ላይ አዲስ ልስን አስለስነው የራሳቸውን ሥዕሎች አሳሉ። የተረሱት ሥዕሎች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን ያገኛቸው በአናማላይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤስ. ኬ. ጎቪንዳስዋሚ ነው። የላይኛው ልስን በተሰነጠቀበትና በወደቀበት ቦታ የታችኛው ሥዕል ብቅ ብሎ ነበር።

ጥበቃ

ግኝቱ ከባድ ጥያቄ አስከተለ። የቾላውን ሥዕል ለመግለጥ የናያካው መነሳት አለበት፤ የናያካውም ቢሆን ራሱ የታሪክ ቅርስ ነው። የህንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የላይኛውን ንብርብር ሳይሰብር ከግድግዳው እየላቀቀ በፋይበርግላስ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። በዚህ መንገድ ሁለቱም ሥዕሎች ተረፉ፤ ሆኖም የናያካው ከተሳለበት ቦታ ተለይቷል።

ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዛሬም አምልኮ ይካሄድበታል። መተላለፊያው ጠባብ፣ ሥዕሎቹም በቀላሉ የሚጎዱ ስለሆኑ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት አይደለም።