መቶው ስንት ሰው ነው?

መጠይቅ ይዞ በር ላንኳኳ ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለው ሁሉ፣ ሌሊት ስልኩን ከፍቶ እንቅልፍ ለምን እንደራቀው ጉግልን ይጠይቃል። ጉግል ትሬንድስን የምወደው ለዚህ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፣ ነፃ ነው፣ ከ2004 ወዲህ ሰዎች ምን እንደፈለጉ በግራፍ ያሳያል። ስለ መሣሪያው ይህ ይበቃል።

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካንና የአውስትራሊያን የአእምሮ ጤና ፍለጋዎች አነጻጸረ። ፍለጋው በሁለቱም አገር በብርዱ ወራት ይጨምራል፣ በሙቀቱ ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ብርድ ደግሞ የአሜሪካ በጋ ስለሆነ አንዱ መስመር ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ «ጭንቀት መቶ ደርሷል!» ሲል ሰምቼ ነበር። መቶ ምን? ሰው? በመቶኛ? ሁለቱም አይደለም። ትሬንድስ በአንድ ቦታና ጊዜ ከተደረጉ ፍለጋዎች ሁሉ ውስጥ የዚያን ቃል ድርሻ ያሰላል፤ ድርሻው ከፍ ያለበትን ጊዜ 100 ብሎ ሌላውን በእሱ ይመዝናል። ስለዚህ ማንኛውም ግራፍ የሆነ ቦታ ላይ መቶ ይደርሳል። የዓለም ዋንጫ ቀን አገር ሁሉ ኳስ ሲፈልግ፣ አንድም የተጨነቀ ሰው ሳይድን የጭንቀት ድርሻ ዝቅ ሊል ይችላል። ለብቻ ለብቻ የወጡ የሁለት አገር ግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነሱ ይብሳሉ» ማለትም ያው ስሕተት ነው።

ዜሮውም ያሳስታል። ዜሮ ማለት ፍለጋው ለመለካት አነሰ ማለት እንጂ ማንም አልጠየቀም ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ አንዱ «ራስ ማጥፋት»፣ ሌላው «እራስ ማጥፋት» ይጽፋል፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደል፣ አራተኛው በእንግሊዝኛ። ጸበል የሄደው ጭራሽ አይቆጠርም። አንዱን አጻጻፍ ብቻ አስገብቶ «ኢትዮጵያ ውስጥ ችግሩ የለም» የሚል ሰው ቢያንስ ሌሎቹንም ይሞክር።

ጥንቃቄ ማየት ለሚፈልግ የ2017ቱን ጥናት እጠቁማለሁ። ኔትፍሊክስ በዚያ ዓመት መጋቢት 31 እ.ኤ.አ. «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተባለውን፣ የአንዲት ታዳጊን ራስ ማጥፋት የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ለቀቀ። አጥኚዎቹ በአሜሪካ የተደረጉ ፍለጋዎችን ሲሰበስቡ «ሱሳይድ ስኳድ» የተባለው ፊልም ቁጥሩን እንዳያበላሽባቸው «ስኳድ» ያለበትን ሁሉ አወጡ። ቆጠራውንም ሚያዝያ 18 ላይ አቆሙ፤ በማግስቱ አሮን ኸርናንዴዝ የተባለው የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች እስር ቤት ውስጥ ራሱን በማጥፋቱ የእሱ ዜና ከድራማው ጋር ይደባለቅ ነበር። በእነዚያ 19 ቀናት ስለ ራስ ማጥፋት የተደረገው ፍለጋ ከሚጠበቀው በ19 በመቶ በልጦ ተገኘ። የእርዳታ ስልክ ቁጥር ፍለጋም በ21 በመቶ ጨምሯል። ድራማውን የሚያወግዝ የፊተኛውን፣ የሚከላከልለት የኋለኛውን ብቻ ይጠቅሳል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግን ያሉት በዚያው ጥናት ውስጥ ነው።