ክሬን በበዛበት ከተማ የግንባታ ሥራ የት ይገኛል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በመገናኛ፣ በሳሪስ ወይም በአያት በኩል የሚያልፍ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። ምሳቸውን በፌስታል የቋጠሩ ወጣቶች፣ መዶሻና ውሃ ልክ ከቦርሳቸው ብቅ ያለ ባለሙያዎች፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴቶች ወደየሳይታቸው ይጣደፋሉ። በዚያው ሰዓት በብዙ ቤቶች ውስጥ አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተምሮ የተመረቀ ልጅ ተኝቷል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚነሳበት ጉዳይ ስላጣ ነው።

ነገሩ ወላጅን ግራ ያጋባል። አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር እየተገነባች ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች የከተማዋን ዳርቻ ቀይረውታል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ከፍታ አለው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሌሊት በመብራት የሚሠራ ግንባታ አስለምዶናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲገነባ የእኛ ልጅ ለምን ቤት ዋለ?

የመልሱ ግማሽ የቁጥር ጉዳይ ነው። መንግሥት ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶ የሚሆኑትን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ቆይቷል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚመረቀው መሐንዲስ ብዙ ነው። ሌላው ግማሽ ግን በእጃችን ያለ ነው፤ ሥራውን የምንፈልገው ሥራው በማይገኝበት ቦታ ነው።

ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚሞላ ቦታ

ብዙዎቻችን የምናውቀው የሥራ ፍለጋ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር መቆምና የቴሌግራም ቻናል መከታተል ነው። ይህ ለባንክ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ግንባታ ግን የሚሄደው በፕሮጀክት ነው። ተቋራጩ ጨረታ አሸንፎ ሳይት ከተረከበ ጀምሮ ቀኑ ይቆጠርበታል፤ ከዘገየም ቅጣት አለው። ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖና አወዳድሮ እስኪቀጥር የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ፕሮጀክት ማናጀሩ የሚያውቀውን ሳይት መሐንዲስ ይጠራል። መሐንዲሱ ፎርማኑን፣ ፎርማኑ ካቦዎቹን ይጠራል። ካቦው የራሱን ግንበኞች፣ አናጺዎችና የቀን ሠራተኞች ይዞ ይመጣል። ከላይ እስከ ታች ያለው ቅጥር በስልክ ያልቃል። የልጅዎ ቁጥር በአንዳቸውም ስልክ ውስጥ ከሌለ፣ ሠፈራችሁ ውስጥ አሥር ሕንፃ ቢነሳም ለእሱ ወሬ አይደርሰውም።

እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። በእኛ ቤት ዕቃ የሚቀርበው ገዢው ወዳለበት ነው፤ ሥራ ፍለጋም እንደዚያው ነው። በየግንባታው አጥር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ አንብቡት፤ የአሠሪው፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም ተጽፎበታል። ሦስቱም ሰው ይቀጥራሉ። አማካሪው ለቁጥጥር ሥራ መሐንዲስ ያስፈልገዋል፤ ይህን ብዙ አዲስ ምሩቅ ይረሳዋል። በተጨማሪ የመብራቱን፣ የቧንቧውን፣ የአልሙኒየሙንና የሊፍቱን ሥራ ከዋናው ተቋራጭ የተረከቡ ንዑስ ተቋራጮች አሉ። ልጁ ሲቪውን ይዞ ሳይቱ ድረስ ይሂድ። ማለዳ ግን ሠራተኛ የሚደለደልበት ሰዓት ስለሆነ ማንም አያናግረውም፤ ረፋዱ ላይ ቢደርስ ይሻላል። ዛሬ ቦታ ባይኖር እንኳ ስልኩን ትቶ፣ የፎርማኑን ተቀብሎ ይመለሳል።

ሕንፃው የት ደረሰ?

ግንባታ በየደረጃው የሚፈልገው ሰው ይለያያል። መሠረት ሲቆፈርና ምሰሶ ሲቆም ተፈላጊዎቹ ፌሮ የሚያስሩት ፌራዮዎች፣ የአርማታ ቅርጽ የሚያቆሙት አናጺዎችና አርማታ የሚሞሉት ናቸው። አጽሙ ካለቀ በኋላ ብሎኬት ደርዳሪው ይገባል። ቀጥሎ የመብራትና የቧንቧ መስመር ይዘረጋል፣ ልስን ይለሰናል። በመጨረሻ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ አልሙኒየምና ቀለም ይመጣሉ። የቧንቧ ሙያ ያለው ልጅ ገና ጉድጓድ በሚቆፈርበት ሳይት በር ላይ ቢመላለስ የሚያተርፈው ድካም ነው። ቀና ብሎ ሕንፃውን ማየትም የሥራ ፍለጋው አካል ነው።

ወቅቱም ይቆጠራል። ክረምት ቁፋሮና አርማታ ያዘገያል። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ የተከማቸው ሥራ ይከፈታል። በነሐሴ መጨረሻ መንቀሳቀስ የጀመረ ሰው፣ ሥራው ሲነቃ ስሙ ቀድሞ ተመዝግቦ ይቆየዋል።

ከዲግሪው ጎን የሚያዝ ሙያ

አዲስ ምሩቅ ሳይት ላይ የሚጠየቀው ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ፕላን ማንበብ፣ የተሠራውን ሥራ በሜትር ለክቶ መመዝገብ፣ ቴክ ኦፍ ሺት መሙላትና የክፍያ ሰነድ ማዘጋጀት ይችላል ወይ ተብሎ ነው። ተቋራጩ ገንዘቡን የሚያገኘው በዚህ ሰነድ ነውና፣ ይህን የሚችል ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይፈለጋል። አውቶካድና ኤክሴል በደንብ መልመድ ሁለተኛ ዲግሪ ከመጀመር በፊት የሚመጣ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በቴክኒክና ሙያ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው ሥልጠና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ብቻ መሄጃ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ነገር ግን ቤት አሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይመስክር፤ ጥሩ ሴራሚክ ሠሪ ወይም ጥሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለማግኘት ስንት ሳምንት ለመናችሁ? እንደ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት ባሉት ኮሌጆች ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን ያለፈ፣ ሲኦሲ የያዘ ባለሙያ፣ ቢሮ ፍለጋ ከሚንከራተት ባለዲግሪ ቀድሞ ራሱን ሊችል ይችላል። ዲግሪ ያለው ልጅ አንድ የእጅ ሙያ ቢጨምርበት ዲግሪው አያንስም። ነገ የራሱን ድርጅት ሲያቆም የሠራተኛውን ሥራ ማየት የሚችል አሠሪ ይሆናል።

«ልጄማ አቧራ ላይ አይውልም»

እዚህ ላይ ከልጁ ይልቅ የሚከብደው ለእኛ ነው። ለምረቃው ድንኳን ጥለን፣ ጎረቤት ጠርተን፣ «ኢንጂነር» ብለን ስም አውጥተንለታል። በወሩ ሲሚንቶ የለበሰ ጫማ አድርጎ ሲገባ ጎረቤት ምን ይላል ብለን እንሸማቀቃለን። ልጁም ይህንን ያውቃል። አንዳንዱ ያገኘውን የዳታ ኮሌክተር ወይም የረዳት ፎርማን ሥራ ለቤተሰቡ ሳይናገር የሚተወው ደመወዙ አንሶት ብቻ አይደለም፤ ፊታችንን ፈርቶ ነው።

ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ክልከላው ይብሳል። «ሳይት ለሴት አይሆንም» እንላለን። ሆኖም በየሕንፃው ድንጋይና አሸዋ የሚሸከሙት፣ ባሬላ የሚይዙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ለሴት ሆኖ ቁጥጥሩና ልኬቱ ለሴት የማይሆንበት ምክንያት የለም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል።

ከመጀመር በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ዝቅ ብሎ መጀመር ማለት መብትን ጥሎ መግባት ማለት ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሳይት ሠራተኛም ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ ነጥብ ሰባት አምስት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። በጡረታ አዋጁ መሠረት ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። መዋጮው በስሙ መግባቱን ልጁ ከመጀመሪያው ወር ይጠይቅ።

ፕሮጀክቱ በትክክል ይከፈለው እንደሆነም ይጠይቅ። በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ንረት ቆመው የቀሩ ሕንፃዎችን ሁላችንም እናያለን። የቀን ሠራተኞቹ የመጨረሻ ክፍያቸውን መቼ እንደተቀበሉ መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እውነት ይነግራል።

ከሥራ በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ ይራቀው። ሥራ ሳይሰጡ «ፈቃድህን ብቻ አስመዝግብልን፣ በየወሩ እንከፍልሃለን» ለሚሉትም እሺ አይበል። በማያውቀው ሕንፃ ስሙ የተጻፈ ባለሙያ፣ አንድ ቀን ችግር ቢፈጠር ተጠያቂው እሱ ነው። የሥራ ልምድም አላገኘበትም።

ከሁሉም በላይ ደህንነት ይቀድማል። ከሦስተኛ ፎቅ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀን ሰው ደመወዝ አይመልሰውም። ሄልሜት፣ ሴፍቲ ጫማና ከፍታ ላይ የሚታሠር ቀበቶ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ቀን የማይሰጥ ከሆነ ወላጅ «ተወው፣ ሌላ ይገኛል» ለማለት አያመንታ። የሄልሜቱ ዋጋ ቤተሰብ ከሚችለው በታች ነውና፣ ድርጅቱ እስኪያቀርብ መግዛትም ይቻላል።

ቤት ውስጥ የሚጀመር ድጋፍ

ለስድስት ወር የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ መሸፈን፣ ቀድሞ ለአምስት ዓመት ከከፈልነው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ በሥራ ፈላጊነት እንዲመዘገብ አስታውሱት። ዘመድ ወዳጅ ውስጥ ፎርማን፣ ግንበኛ ወይም የቀለም ባለሙያ ካለ፣ እንደ ትልቅ ሰው ደውላችሁ አስተዋውቁት፤ የምታፍሩበት ዘመድ ሳይሆን የሳይቱን በር የሚከፍት እሱ ሊሆን ይችላል። ማታ አቧራ ለብሶ ሲገባ ደግሞ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ዛሬ ምን እንደሠራ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ብዙ ነገር ይኖረዋል።