በመፀው ወራት ከአንድ ቦታ ኾኖ አዕዋፍን ስለ መቍጠር

በመስከረምና በጥቅምት ወራት የሰሜንን ምድር ብርድ የሚሸሹ አዕዋፍ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። ከእነርሱም መካከል እንደ ንስርና እንደ ጭልፊት ያሉት አዳኝ አዕዋፍ ረዥሙን መንገድ ክንፍ በማራገብ ብቻ አይጨርሱትም፤ ከሞቀ ምድር በሚነሣው አየር ወደ ላይ ከፍ ካሉ በኋላ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሳፈፋሉ። በሰፊ ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ጠባብ መሻገሪያ ፈልገው ይሰበሰባሉ። በተራራ ሰንሰለትም ላይ ነፋስ ገደሉን መትቶ ወደ ላይ ሲወጣ ያንኑ እየተከተሉ ያልፋሉ። ስለዚህ በሰፊ አገር ተበትኖ የከረመው ወፍ ወደ አንድ መተላለፊያ ይጐርፋል፤ በዚያ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎችም አገር ለአገር የሚዞረው የማያየውን ያያሉ።

የአቈጣጠሩ ሥርዐት ቀላል ነው፤ ጽናት ግን ይሻል። አስቀድሞ ሰማዩ በሰፊው የሚታይበት ከፍተኛ ቦታ ይመረጣል። ተመልካቾቹም ሰማዩን እንደ መሬት ተካፍለው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ አንዱም ጸሐፊ ይኾናል። አንድ ወፍ ኹለት ጊዜ እንዳይቈጠር፣ የሚቈጠረው የተወሰነውን መስመር ሲያልፍ ብቻ ነው። ሰዓቱ፣ ነፋሱና ደመናው ይጻፋል፤ አንድም ወፍ ያላለፈበት ሰዓት ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። ከኹሉ በላይ ግን ቦታውና ወራቱ በየዓመቱ አንድ ሊኾኑ ያስፈልጋል። መስፈሪያው በየጊዜው የተለዋወጠ እህል መብዛቱና ማነሱ እንደማይታወቅ፣ ቦታው የተለዋወጠ ቍጥርም እንዲሁ ነው።

የዚህን ሥራ ጥቅም በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ግዛት የሚገኘው ሆክ ማውንቴን፣ ማለት የጭልፊት ተራራ፣ ያስረዳል፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ተራራ ባለ ጠመንጃዎች በየመፀው ተሰብስበው የሚያልፈውን ወፍ ኹሉ ይጥሉ ነበር። በ1929 የግዛቱ መንግሥት አንዱን የጭልፊት ወገን ለገደለ 5 ዶላር ወሮታ እንዲከፈል አዘዘ፤ ተኳሹ ግን ወገን ከወገን አይለይምና ያገኘውን ኹሉ ፈጀ። በ1934 ወይዘሮ ሮዛሊ ኤጅ የተባሉ የኒው ዮርክ ሴት ከተራራው 1,400 ኤከር፣ በእኛ ልክ 14 ጋሻ ያህል መሬት ተከራዩ፤ ኋላም ገዙት። ሞሪስ ብሩን የተባሉትንም ሰው ከባለቤታቸው ጋራ ጠባቂ አድርገው አቆሙ። ተኵሱም ቀረ፤ ጠመንጃ ይያዝበት በነበረው ቋጥኝ ላይ መነጽርና መዝገብ ተያዘበት።

ይህ መዝገብ ማንም ያላሰበውን ነገር ገለጠ። ከ1935 እስከ 1939 ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች ከመቶው 40 የሚኾኑት ወጣቶች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ግን ወጣቶቹ ከመቶው 20 ብቻ ኾኑ። ያረጀው ንስር በሰማይ ሲበር እየታየ ስለ ኾነ፣ መዝገብ ባይኖር ተተኪ ማጣቱን ማን ባወቀ ነበር? ሬቸል ካርሰን የተባሉት ጸሐፊ በ1962 ስለ ተባይ ማጥፊያ ጉዳት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ቍጥር ከምስክሮቻቸው አንዱ አደረጉት። ኋላም ሲመረመር፣ ለተባይ ማጥፊያ የተረጨው ዲዲቲ ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ ንስር ተላልፎ የእንቍላሉን ቅርፊት እንዳሳሳ ታወቀ። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ፤ ንስሩም ቀስ በቀስ ተመልሶ በዛ።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ከአረብ ምድር ወደ አፍሪቃ የሚሻገሩት ብዙ አዕዋፍ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ያልፋሉ። በ1987 መፀው በጂቡቲ በኩል የተቀመጡ ቈጣሪዎች 5 ሳምንት በሚያህል ጊዜ ከ240,000 የሚበልጡ አዳኝ አዕዋፍን ቈጠሩ፤ ከእነዚህም ከ76,000 የሚበልጡት በእስያ ሜዳ የሚፈለፈሉ ንስሮች ነበሩ። ከዚህ ንስር ብዙው ወደ ኢትዮጵያ ይገባል፤ አይጥንና ምስጥንም ይመገባል። ኾኖም ይህ ወገን በ2015 የመጥፋት አደጋ ካለባቸው አዕዋፍ ጋራ ተመዘገበ፤ መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦም ይገድሉታል።

እንግዲህ ከአገረ ገዢ፣ ከባለ መሬትና ከወረዳ ሹም የሚፈለገው ብዙ ወጪ አይደለም። አዕዋፍ በየመፀው የሚያልፉበትን ኮረብታ ከእረኞች ጠይቆ ይወቅ፤ መምህርና ተማሪዎች በየዓመቱ በተወሰነው ቀን መዝገብ ይዘው እንዲቀመጡበት ይርዳ፤ ለጅብ ተብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ በሜዳ እንዳይጣል ይከልክል፤ የተባይ መድኃኒት በተረጨበትም ዓመት ቍጥሩን ካለፉት ዓመታት ጋራ ያስተያይ። የአንድ ዓመት ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ለሚፈርድ ኹሉ ምስክር ይኾናል። ይህም ምስክር እንዲገኝ መዝገቡን በዚህ መፀው መጀመር ይገባል።